የዳምጤ ገብስ

እማማ ጥሩነሽ ጆሯቸውን የጋኑ አፍ ላይ ደግነው ብዙ ቆዩ። ዐይናቸውን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ነገሩን ሁሉ የሚያዩት በጆሯቸውና በጣታቸው ነው። የሚፈላ ድፍድፍ ይናገራል፤ ዝናብ ካባራ በኋላ ከሣር ክዳን ላይ እንደሚወርድ ጠብታ ጠብ ጠብ ይላል። ይሄኛው ጋን ግን ጭጭ ብሏል።

«ምን ይላል፣ እማማ?» አለች ምራታቸው አበባየሁ፣ ከኋላቸው ቆማ። ምን እንደሚሉ ሆዷ ያውቀዋል።

«ምንም አይልም። አልተነሣም።»

«ብርዱ ይሆናላ። ምድጃው አጠገብ ብናስጠጋው…»

«ትናንትም ብርዱ ነው ብለሽኛል፤ ትናንትም አስጠግተነዋል።»

እውነታቸውን ነው። ጋኑን ከጓዳ ጎትተው ምድጃ ሥር ካቆሙት ቆየ። በቡልኮ ጠቅልለውታል። ጌሾ ጨምረውበታል። እማማ ጥሩነሽ ከሚካኤል ጠበል አስመጥተው በጋኑ ዙሪያ ረጭተዋል። የቀረው የአበባየሁን ባል፣ የሸዋንግዛውን ካፖርት መደረብ ነበር፤ አበባየሁ ልታለብሰው ስትል ግን አሮጊቷ በጣታቸው ዳሰሱና የማን ጨርቅ እንደሆነ ሲገባቸው ገፍተው መሬት ጣሉት። ካፖርቱ የጣሊያን ነው።

የሟቹ ልጃቸው የዳምጤ ተዝካር ደርሷል። ሰው ተጠርቷል። ጋኑ አልፈላም።

እማማ ጥሩነሽ ከጋኑ ተነሥተው መደቡ ላይ ተቀመጡና እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣመሩ። «ልጄ አልተቀበለኝም» አሉ፣ እንደ ዋዛ። «የሰጠኝን ነገር በየቤቱ እየዞርኩ አወራሁት። ታበይኩ። አሁን ነሣኝ።»

አበባየሁ ጥፋቱ የሟቹም የአሮጊቷም እንዳልሆነ፣ የሷ መሆኑን እያወቀች ነጠላዋን አደግድጋ ወጣችና ጓሮ ሄዳ፣ የሚነቀል ጎመን ሳይኖር ጎመን የምትነቅል መስላ አጎነበሰች።

ነገሩ እንዲገባችሁ ስለ ገብሱ ልንገራችሁ።

እማማ ጥሩነሽ ሁለት ወንዶች ልጆች ወልደዋል። ታላቁ ሸዋንግዛው የአበባየሁ ባል ነው። ጣሊያን ጎሬን ይዞ መቱ ላይ የእህል መጋዘን ሲከፍት፣ ሚዛን ማንበብ ስለሚያውቅ መዛኝ ሆኖ ገባ። ባንዳ አይደለም፤ ጠመንጃ አልያዘም፣ ሰው አላስያዘም። ጀግናም አይደለም። እንደ ብዙዎቻችን ነው፤ ጠዋት ወጥቶ ማታ መግባት ይወዳል። ታናሹ ዳምጤ ግን ሌላ ዓይነት ሰው ነበር። ሁሩሙ ላይ የነበረችውን የአባቱን ማሳ አረሰ፣ ገብሱን አጨደ፣ ወቃ፣ በበቅሎ ጭኖ ለእናቱ ላከና ጫካ ገባ። በግንቦት ከሶር ወንዝ ማዶ ገደሉት። ለሽፍታ ማልቀስ ክልክል ነው ተብሎ ስለታወጀ እናቱ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው አለቀሱ። አርባውም ሳይወጣ ቀረ።

ያን ጊዜ እማማ ጥሩነሽ ሁለት ነገር ማሉ። አንደኛው፣ ዳምጤ የላከው ገብስ ጎታው ውስጥ እንዳለ ይቆይና ሙት ዓመቱ ሲደርስ የተዝካሩ ጠላ ከሱ ይጠመቃል። ሁለተኛው፣ ልጃቸውን ከገደሉት ሰዎች መጋዘን የወጣ እህል በአፋቸው አይዞርም። ሸዋንግዛው በደሞዙ ላይ የሚሰፈርለትን እህል ወደ ቤት ማምጣቱን ተወ፤ ገበያ እያወጣ በበቆሎ ይለውጥ ጀመር። እናቱን ይፈራል። እኔም ብሆን እፈራቸው ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ግን የሚለወጥ በቆሎ ጠፋ። ሶር ሞላ፣ መንገድ ተቆረጠ፣ የገበሬው ጎተራ ለወታደር ስንቅ እየተባለ ተራገፈ። የአበባየሁ ልጅ ማሙሽ ገና ድክ ድክ የሚል ነው፤ ሆዱን ታመመና ጎደሬውንም ጎመኑንም አልቀበል አለ። የእጁ አንጓ ከቀን ወደ ቀን ሲቀጥን እናቱ እያየች ነው። አንድ ማለዳ አማቷ ቤተ ክርስቲያን በሄዱበት የጎታውን መክደኛ አነሣች። ለአጥሚት የሚበቃ ያህል ብቻ ወሰደች። ልጁ ጠጣ፣ አላስመለሰም፤ ማታ ዐይኑን ገልጦ ሳቀላት። የሚቀጥለውን ቀን መክደኛውን ደግማ አነሣች። በኋላ ስንት እፍኝ እንደወሰደች መቁጠርም ተወች። ዳምጤ ያጨደው ገብስ በሐምሌና በነሐሴ ተፈጭቶ፣ ተበጥብጦ፣ ተጋግሮ፣ ማሙሽን ከሞት አፍ አወጣውና አለቀ።

የጥፋቷ የመጀመሪያው ክፍል ይሄ ነው፤ ይሄን ያህሉን ማንም እናት ይቅር ትላታለች። እማማ ጥሩነሽ ራሳቸው ይቅር ይሏት ነበር። ሄዳ ብትነግራቸው ኖሮ።

አልነገረችም። አዲስ ዓመት ሊጠባ ሲል አሮጊቷ «ገብሱን ነቀዝ እንዳይበላው ልይ እስቲ» ሲሉ አበባየሁ ደነገጠች። «ዛሬ ይቅር፣ ቤቱን ልጥረግ» ብላ አዘገየቻቸውና ባሏ ሲገባ እግሩ ሥር ወደቀች። ሸዋንግዛው መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ ፈራ፣ ቀጥሎ ራሱን አከከ። በማግስቱ ከመጋዘኑ አንድ ጆንያ ገብስ በበቅሎ ጭነት ሥር ደብቆ አመጣ። ከባሕር ማዶ በመርከብ፣ ከወደብ በመኪና የመጣ፣ ስንት ወር ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የከረመ ገብስ ነው። የናፍታ ሽታ አለው። «ገብስ ገብስ ነው» አላት። «ደግሞም አልሰጡኝም፣ ሰርቄያቸው ነው።» ይቺን ማጽናኛ ለራሱም ስለፈለጋት ደጋግሞ አላት።

ጎታውን ሞሉት። እማማ ጥሩነሽ ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው አስገብተው ዳሰሱ፤ «ተመስገን» አሉ። አንድ እፍኝ አወጡና «ከአጎቱ ነው» ብለው ለማሙሽ ቆሎ ቆሉለት፤ እሳቸውም ከቆሎው ቀመሱ። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ እህል በደንብ ሲቀምሱ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነው። እሑድ እሑድ እንዲህ ያደርጉ ጀመር። አበባየሁ ደግሞ መጉደሉ እንዳይታወቅባት በፍርሃት በጆንያው ከተረፈው እያነሣች መልሳ ትሞላለች። አሮጊቷ በዳሰሱት ቁጥር ገብሱ እዚያው ክርናቸው ላይ ነው። አንዴ ዝም አሉ። ሁለተኛም ዝም አሉ። ኅዳር ላይ አልቻሉም፤ ለአባ ገብረ መድኅን ነገሯቸው።

«የልጄ ገብስ አላልቅ አለ፣ አባ። ባነሣሁለት ቁጥር ይሞላል።»

አባ ገብረ መድኅን ጥንቁቅ ሰው ናቸው፤ «እግዚአብሔር ለወደደው እንዲህ ያደርጋል» ብለው ብቻ አለፉ። ለሴቶቹ ግን ይሄ በቂ ነበር። ልጆቻቸው ጫካ ወድቀው የቀሩባቸው፣ የሟች ስም በአደባባይ የማይጠራላቸው እናቶች እንደ ዋዛ ብቅ እያሉ፣ እሳት ለመጫር የመጡ መስለው ጎታውን ዳብሰው ይሄዱ ጀመር። አንዷ ግንባሯን ጎታው ላይ አሳርፋ ስታለቅስ አበባየሁ በር ላይ ቆማ አይታለች። ያን ቀን ልትናገር ነበር። አፏን ስትከፍት እማማ ጥሩነሽ ራሷን ስበው ሳሙና «ቤትሽ የተባረከ ነው፣ ልጄ» አሏት።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ከሷ እጅ ወጣ። ውሸቱን እሷ አልተናገረችውም፤ ዝም ብላ ትሞላዋለች እንጂ። አሮጊቷ ግን ሥጋ ለበሱ፣ ጉንጫቸው ሞላ፣ ሳቅ እንኳ ጀመሩ። ከገዳዮቹ መጋዘን በወጣ እህል።

ግንቦት ደረሰ። ብቅል ለማብቀል ገብሱን ዘፍዝፋ፣ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ፣ ድንጋይ ጭና አስቀመጠች። ቀኑ ደርሶ ስትፈታው አልፎ አልፎ ነጭ ጭራ ያወጣ ፍሬ አየች። ሌላው እንደገባ ወጥቷል፤ አብጦ፣ ሻግቶ፣ ሞቶ።

«በቀለ?» አሉ እማማ ጥሩነሽ ከመደቡ ላይ።

«በቀለ፣ እማማ።»

እንዳይዳስሱት ተቻኩላ ፀሐይ አሰጣችው፤ ተቻኩላ ፈጨችው። ጌሾው ይረዳዋል፣ እንኩሮው ያነሣዋል እያለች ደፈደፈችው። ሙት ነገር ጋን ውስጥ ከትታ ነፍስ እንዲዘራ ጠበቀች። የሆነውን አይታችኋል።

አሁን እንግዲህ ወደዚያ ጎመን ወደሌለበት ጓሮ እንመለስ። አበባየሁ አጎንብሳ ቆይታ ስትገባ አማቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል። «ለአባ ላኪባቸው» አሉ ሳይዞሩ። «ተዝካሩ ይቅር። ሰው ቢመጣም ደጅ ወጥቼ በጉልበቴ ተንበርክኬ፣ ተመጻደቅሁ፣ ልጄም ተቀየመኝ ብዬ እናገራለሁ።»

«እማማ፣ እንዲህ አይበሉ።»

«ምን ልበል ታዲያ? የጋኑን ዝምታ እየሰማሽ?»

አበባየሁ ወደ አባ አልላከችም። ቁልቁለቱን ወርዳ ወደ ሶር በሚወስደው መንገድ ዳር ዋሪቱ ቤት ደረሰች። ዋሪቱ ፈርሶ ጠማቂ ናት፤ ፈርሶ የኦሮሞ ጠላ ነው፣ የሷን የቀመሰ ደግሞ ሌላ ቤት አይገባም። ቁጡ ሴት ናት፤ መጥረጊያ ይዛ ሰካራም ስታባርር ድምፅዋ ከሩቅ ይሰማል።

«ማል ታቴ? ምን ሆንሽ አንቺ?» አለች ፊቷን እንዳየች።

«ጠላዬ አልፈላ አለኝ፣ እትዬ ዋሪቱ።»

በማግስቱ ማለዳ፣ እማማ ጥሩነሽ ቤተ ክርስቲያን በሄዱበት፣ ዋሪቱ መጣች። ቡልኮውን ገለጠች፣ ጣቷን ድፍድፉ ውስጥ ነክራ ላሰች፣ ፊቷን አጨማደደች። የተረፈውን ብቅል አምጪ አለች፤ ቆንጥራ አኘከችና ምድጃው ላይ ተፋችው።

«ኩን ሂንደንፉ። ይሄማ አይፈላም። ብቅሉ የታለ?»

«ያኘኩት ነው ብቅሉ።»

«እኔን ነው የምታታልዪው?» ዋሪቱ አልጮኸችም፤ ያ ደግሞ ከጩኸቷ የባሰ ነበር። «ብቅል ጥርስ ላይ ይጣፍጣል። ይሄ ዱቄት ነው፤ አፈር አፈር ይላል። ብርዱ አይደለም፣ ጋኑ አይደለም፣ ጌሾው አይደለም። ያልበቀለ እህል ምኑ ይፈላል? ደግሞ የመኪና ሽታ አለው። ዳምጤ የወንድሜ ድንበርተኛ ነበር፣ ገብሱን አውቀዋለሁ። ይሄ የሱ አይደለም።»

አበባየሁ መሬት ቁጭ አለችና ሁሉንም ዘከዘከችው፤ አጥሚቱን፣ ጆንያውን፣ በየሳምንቱ መሙላቷን፣ ሴቶቹን። ዋሪቱ ወገቧን ይዛ ሰማቻት። ስትጨርስ «ዋቅኒ ቤካ፣ እግዜር ያውቅልሻል» አለችና እጅጌዋን ሰበሰበች።

ከቤቷ ብቅል አስመጣች፤ ከኡካ የመጣ ገብስ ነው፣ ነጭ ጭራው ገና አልረገፈም። ለብ ባለ ውሃ በጠበጠችው፣ ከጋኑ ቀንሳ ድፍድፉን ከሱ ጋር አሸችው፣ መልሳ ጨመረችው፣ በረጅም ዱላ ከሥር አማሰለችው፤ አፉን አፍና ቡልኮውን ጠቀለለችው። በሩ ላይ ስትደርስ ዞረች።

«ለአሮጊቷ ምንም እንዳትዪ። ጨሊሲ፣ ዝም በይ። ልጇ የታረቃት ይምሰላት። ማንን ይጎዳል?»

አበባየሁ ማንን እንደሚጎዳ አሰበች። ማንንም አላገኘችም። ማንንም ላለማግኘት ፈልጋም ነበር።

በማግስቱ እማማ ጥሩነሽ ተስፋ ሳይኖራቸው፣ እንዲያው ልምድ ሆኖባቸው ጆሯቸውን ወደ ጋኑ አስጠጉ። ቆዩ። እጃቸው ወደ ኋላ ተዘርግቶ አበባየሁን ፈለገ፣ አገኛት፣ አንገቷን ስቦ ጋኑ ላይ አሳረፋት።

«ትሰሚያለሽ?»

ጠብ ጠብ ይላል። ውስጡ ይንሾካሾካል።

«ማረኝ» አሉ። «ልጄ ማረኝ።» ሸክላውን አቅፈው ሳሙት፤ ጉንጫቸው በጥላሸት ጠቆረ። አበባየሁ የተሰማት እፎይታ ነበር፤ ሰፊ፣ ሙቅ እፎይታ። ከሠራችው ሁሉ ያሳፈራት ይሄ እፎይታዋ ነው። ጥላሸቱን በነጠላዋ ስትጠርግላቸው «ለምን ታለቅሻለሽ? ደስ ይበልሽ እንጂ» አሏት።

የተዝካሩ ቀን ሰው መጣ። ለሽፍታ ተዝካር ማብላት ስለማይቻል ስሙ የሚካኤል ማኅበር ተባለ። ሁለት አስካሪዎች፣ የጣሊያን ወታደሮች፣ በመንገድ ሲያልፉ ጎራ ብለው አንዳንድ ጣሳ ጠጡና ጠላው ግሩም ነው ብለው ሄዱ። አባ ገብረ መድኅን ጸሎቱን ሲያደርሱ የዳምጤን ስም አልጠሩም፤ «ስሙን አንተ ታውቀዋለህ» ብለው ትንሽ ቆሙ፣ ሁሉም በሆዱ ጠራው። ጠላው ግሩም መሆኑ እውነት ነበር። ዋሪቱ በር አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ በራሷ ብቅል የተሠራውን ጠላ ትጠጣለች። ሸዋንግዛው ይቀዳል፣ ይስቃል፣ ላብ ላብ ይለዋል።

ሰው በልቶ ሲጨርስ እማማ ጥሩነሽ ተነሡ። ልጅ የሞተባቸውን እናቶች አንድ በአንድ ጠሯቸው፤ በአካሄዳቸው፣ በድምፃቸው ያውቋቸዋል። ወደ ጎታው ይዘዋቸው ሄዱና መክደኛውን ከፈቱ።

«ዳምጤ የዘራው ነው» አሉ። «አንዳንድ እፍኝ ውሰዱ። ሰኔ ሲገባ ጓሯችሁ ዝሩት፤ ማሳ አያስፈልገውም፣ የበር ጥግ ይበቃዋል። ሲበቅል ልጆቻችሁ እንዳልተዋችሁ ታውቃላችሁ። እኔ አውቄያለሁና።»

አበባየሁ እንስራ ይዛ መሐል ቤት ቆማ ነበር። መጀመሪያ የሰማችው አልገባትም። ሲገባት ወደ ጎታው አንድ እርምጃ ሄደች። ዋሪቱ ከበሩ ዐይኗን ጣለችባትና ራሷን ነቀነቀች፤ ዝም በይ ማለቷ ነው።

ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘርግተው ተቀበሉ። ከመካከላቸው የወልደ ማርያም እናት ነበረች፤ ዳምጤ በወደቀበት ቦታ ልጇ አብሮት የወደቀባት፣ ሌላ ዘር የሌላት ሴት። እፍኟን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች፤ አላመነችውም፣ ደግማ ቋጠረችው። ከዚያ በትሕትና ጠየቀች፦

«መቼ ልዝራው፣ እትዬ ጥሩነሽ? ጠዋት ይሻላል ወይስ ማታ?»

አበባየሁ ያቺን ሴት በሐሳቧ ሐምሌ ላይ አየቻት። ጓሮዋ ውስጥ ቁጢጥ ብላ፣ ጥቁር አፈር ላይ ዐይኗን ተክላ፣ አንዲት አረንጓዴ ነገር ስትጠብቅ። ልጄ አልተቀበለኝም ስትል። ጋኑ ጭጭ ባለበት ቀን የነበረውን የአማቷን ፊት አስታወሰች። ማንን ይጎዳል ለሚለው መልሱ ይኸው፣ ነጠላው ውስጥ ተቋጥሮ ቆሟል።

እንስራውን መሬት አስቀመጠች።

«እማማ፣ አይበቅልም።»

«ምን አልሽ?»

«ገብሱ አይበቅልም። ሙት ነው። የዳምጤን ገብስ ክረምት ላይ ማሙሽ ሲታመም አበላሁት። ይሄ የመጋዘኑ ነው። የሚሞላውም እኔ ስሞላው ነው።»

ድምፅዋ ቤቱን ሁሉ አልሞላም፤ ሰው ግን ሁሉ ሰማው። ሸዋንግዛው ማንቆርቆሪያውን ይዞ እንደቆመ ቀረ። አባ ገብረ መድኅን ዐይናቸውን ጨፈኑ። እማማ ጥሩነሽ እጃቸውን ቀስ ብለው ከጎታው አወጡ፤ በጣቶቻቸው መካከል የተጣበቁትን ፍሬዎች አንድ በአንድ አራገፉ።

«መቼ አለቀ?»

«መስከረም ሳይጠባ።»

«እኔ የበላሁትስ?»

አሮጊቷ የነጠላቸውን ጫፍ አነሡና አፋቸውን ጠረጉ፤ አንዴ ጠርገው አልበቃቸውም፣ ከንፈራቸው እስኪቀላ ጠረጉት። አበባየሁ ቢመቷት ትመርጥ ነበር።

«ጠላውስ?» አሉ በመጨረሻ።

«ጠላው የኔ ብቅል ነው» አለች ዋሪቱ ከበሩ። «ከኡካ ነው ያመጣሁት። ያስነሣው እሱ ነው። የታሸበት ግን ያው የመጋዘኑ ገብስ ነው፣ እትዬ።»

እማማ ጥሩነሽ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞሩ። ድምፃቸው ቀድሞ ከነበረው ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር እንጂ አልተሰበረም።

«የተባለውን ሰምታችኋል። ይሄ ለዘር አይሆንም፣ ጓሯችሁን አታድክሙበት። ቤቷ ሕፃን ያለባት ወስዳ ትቁላለት፤ የዳምጤም ገብስ የሄደው በሕፃን ሆድ ነው። ሕፃን የሌላት ትመልስልኝ።»

ሴቶቹ ተያዩ። አንዳንዶቹ ቋጠሯቸውን ያዙ፣ አንዳንዶቹ መለሱ። የወልደ ማርያም እናት ደግማ ያጠበቀችው ቋጠሮ በጣት አልፈታ አላት፤ በጥርሷ ፈታችውና ገብሱን ወደ ጎታው አራገፈች። የነጠላዋ ጫፍ ተጨማዶ ቀረ። አበባየሁ እግሯ ሥር ልትወድቅ ስትል ሴትየዋ በእጇ ከለከለቻትና ወጥታ ሄደች።

ሰው ሲበተን እማማ ጥሩነሽ መደቡ ላይ ተቀመጡና ማሙሽን አስጠሩት። ፊቱን ዳሰሱ፣ ጉንጩን ዳሰሱ፣ ክንዱን ከትከሻው እስከ አንጓው በጣቶቻቸው ለኩ፤ ጎታውን እንደሚለኩት። ልጁ ኮርኩሮት ሳቀ። «ወፍሯል» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። ብዙ ይዘውት ቆዩ።

«ብትነግሪኝ» አሉ በኋላ፣ ፊታቸውን ወደ አበባየሁ ሳያዞሩ፣ «አጥሚቱን እኔው አፈላለት ነበር።»

ከዚያ በላይ አልተናገሯትም። አላባረሯትም፣ አልረገሟትም። የመጋዘኑን ገብስ ጎረቤት ወስዶ ጨረሰው፣ ጎታው ተጠርጎ ባዶውን ተከደነ። በዚያ ቤት የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። አበባየሁ ገበታ ስታቀርብ እማማ ጥሩነሽ እጃቸውን ከመዘርጋታቸው በፊት ይጠይቃሉ፦ «ይሄ ከየት ነው?»

አበባየሁም እውነቱን ትነግራቸዋለች። «ከሁሩሙ ገበያ ነው» ስትል ይበላሉ። ክረምቱ ሲከብድ፣ ገበያው ሲጠፋ፣ ለማሙሽ ብላ ከባሏ ስፍር ያበሰለች ቀን ደግሞ «ከመጋዘኑ ነው፣ እማማ» ትላለች። ያን ቀን አሮጊቷ ገበታውን ወደ ልጁ ገፋ አድርገው ጾማቸውን ያድራሉ። አበባየሁም አብራቸው ትጾማለች፤ እንድትበላ የሚነግራት የለም።